ክረምቱን ደሴ ለሚያሳልፍ ተማሪ «ካስ» ምን ይሁንለት?

የደሴዋ አክስት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ «አይቢ ዲፕሎማ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሁለት ዓመት ትምህርት ይማራል። የመጀመሪያ ዓመቱን ገና መጨረሱ ነው። ክረምቱን እኔ ጋ ነው። መጥቶ ሳያርፍ «ካስ አለብኝ» ይለኛል። ፈጠራ፣ የአካል እንቅስቃሴና በጎ አገልግሎት ነው ብሎ አስረዳኝ። እኔ ሱቅ አለኝ፤ «ና ሱቅ አግዘኝ፣ አገልግሎት ማለት ይኸው አይደል?» ስለው ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚቆጠርለት? ስንት ሰዓትስ ይፈለግበታል?

ሐረጎ፦
እህቴ፣ ልጁ ልክ ነው። የቤተሰብ ሱቅ ማገዝ የቤት ግዴታ ነው እንጂ ካስ አይሆንም። ብር ከከፈልሽውማ ጭራሽ። ሰዓት መቁጠሩን ተዪው። ድሮ 150 ሰዓት ይባል ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ቢያንስ 18 ወር በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየሠራ ሦስቱን ማመጣጠን ነው ያለበት። በተጨማሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚሠራው፣ ከአንድ ወር ያላነሰ ፕሮጀክት አለ። ማርክ የለውም። ግን ካላሟላ ፈተናውን ቢደፍነውም ዲፕሎማውን አያገኝም። የእኔዋ ልጅ ሁሉንም ለመጨረሻ አቆይታ ያለቀሰችውን ለቅሶ እኔ ነኝ የማውቀው።

ክራር መቺ፦
ወሎ መጥቶ ፈጠራ አጣሁ ካለማ ነውር ነው! ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ የወሎ አገር ስም ነው። ክራር ይማር። ትዝታ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግን አይቆጠርም፤ እጁ መሥራት አለበት። መጀመሪያ ሳምንት ሲደናበር በስልኩ ይቅረጸው። ነሐሴ መጨረሻ ያንኑ ዜማ ደግሞ ይቅረጽ። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር የቱ ክር እንዳስቸገረው ይጻፍ። ከፎቶ ይልቅ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው የሚፈለገው።

የጦሳ ልጅ፦
እትዬ፣ ለእንቅስቃሴው ጦሳ ተራራ አለልዎት። በሳምንት ሦስት ማለዳ ይውጣ፣ ሰዓቱን ይመዝግብ። አንድ ቀን ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ መውረድ ሽርሽር ነው። ክረምት ስለሆነ ግን ጭጋጉና ጭቃው አይታመንም፣ ብቻውን አይልቀቁት።

የደሴዋ አክስት፦
ተባረኩ። አገልግሎቱን ለሰፈር ልጆች ሒሳብ በማስጠናት ቢወጣውስ?

መምህርት ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ጥሩ አስበሻል። ግን እሱ ስለወደደው ብቻ አይጀምር። መጀመሪያ ወላጆቹን ይጠይቅ፤ ምናልባት ልጆቹ የቸገራቸው ሒሳብ ሳይሆን ማንበብ ይሆናል። አንድ ተማሪ አውቃለሁ፤ በክረምት በጎ ፈቃድ ችግኝ ተከለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ሄደ። ጥቅምት ላይ ችግኙን ፍየል ጨርሶታል። ያ ልጅ የጻፈው ማስታወሻ ሁለት መስመር ነበር። ምን ይጻፍ? ያየው ነገር የለማ። የአንቺ ልጅ ግን ሁለት ሦስት የሰፈር ወጣት ጨምሮ ሐምሌን ሙሉ ቢያስጠና፣ የወር ፕሮጀክቱም በዚያው ሊያልቅለት ይችላል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ፣ በደብተር ይያዝ። የልጆቹን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አያንሳ። ከሁሉ በፊት ግን ለትምህርት ቤቱ የካስ አስተባባሪ ዕቅዱን ይላክ። ሳያስፈቅዱ ሠርቶ መጨረስ ብዙ ልጅ አስለቅሷል።

ሐረጎ፦
የረሳሁት፦ ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ ቁርአን መቅራት የራሱ በረከት አለው፣ ለካስ ግን አይቆጠርም።

ሐይቅ ዳር፦
ጣልቃ ልግባና፣ የእኔ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ናት። እሷንም ይመለከታታል?

መምህርት ከኮምቦልቻ፦
አይመለከታትም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይህን አይጠይቅም። ቀይ መስቀል ክበብ ወይም ሚኒ ሚዲያ ብትገባ ግን አትጎዳም።

የደሴዋ አክስት፦
ዕቅዱን በኢሜይል ልኳል። ሁለት የጎረቤት ልጆችም አብረን እናስጠና ብለዋል። አሁን የቸገረን ክራር ነው፤ ደሴ ውስጥ የሚያውሰን አለ? ሱቄ ውስጥ እንዳይለማመድ ግን ከወዲሁ ተነግሮታል።