ሁሉም «ጥሩ ነው» ያሉትን ምርት የሚጠቀምበት ሲጠፋ
ጥያቄ፦ የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ድምፅ እያሰማ የሚያስታውስ የኪኒን ሳጥን ለአረጋውያን እያዘጋጀሁ ነው። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት 30 ሰዎችን «እንዲህ ያለ ዕቃ ቢኖር ትጠቀሙበታላችሁ?» ብዬ ጠይቄ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል «አዎ» ብለውኝ ነበር። ናሙናውን ለ8 ሰዎች ሰጥቼ ከ3 ሳምንት በኋላ ስመለስ ግን ሲጠቀሙበት ያገኘሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ንድፉን እንደገና ከመጀመሬ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጠይቅን ሰው ቅር ላለማሰኘት «አዎ» ማለት ቀላል ነው። ወደፊት ስለሚያደርጉት ሳይሆን «ትናንት ኪኒንዎን የወሰዱት የት ሆነው ነው? መጨረሻ የረሱት ዕለትስ ምን ገጥሞዎት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከፈቀዱልዎም ቤታቸው ሄደው ሲወስዱ ይመልከቱ። በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ኪኒናቸውን የሚያስቀምጡት በመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ጠዋት እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ሌላ አስታዋሽ አላስፈለጋቸውም። ይህን የትኛውም መጠይቅ አይነግርዎትም።

መልስ 2፦ ቀጣዩን ናሙና ከካርቶን ይሥሩት። ፓልም ፓይለት የተባለው በኪስ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ማስታወሻ ፈጣሪ ጄፍ ሆኪንስ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት በኪሳቸው ይዘው እየዞሩ፣ ቀጠሮ መመዝገብ ሲፈልጉ እንጨቱን አውጥተው እንደሚጽፉበት ያስመስሉ ነበር። ያለቀለት ዕቃ የተሰጠው ሰው ለመንቀፍ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ካርቶን ሲያይ ግን «ይህ ወዲህ ቢሆንስ?» ለማለት ይደፍራል።

መልስ 3፦ የሰው ቁጥር አያስጨንቅዎ። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባቀረቡት ስሌት፣ በ5 ተጠቃሚዎች መሞከር የአጠቃቀም ችግሮችን 85 በመቶ ያህል ያሳያል። ይህ የሚሠራው ግን ተጠቃሚዎቹ ሲመሳሰሉ ነው። የእርስዎን ሳጥን በየሳምንቱ የሚሞላው ማን ነው? ልጅ ወይም አስታማሚ ከሆነ፣ ያንን ሰው ለብቻው መፈተን ይኖርብዎታል። በእኔ እምነት ግን አሁን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር የሚያስተምሩዎት የተዉት 6 ሰዎች ናቸው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ትናንት ለስድስቱም ደወልኩ። ሦስቱ ሳጥኑ እንግዳ ፊት ሲጮህ አፍረው ባትሪውን እንዳወጡት ነገሩኝ፤ ለካ እኔ አስታዋሽ ያልኩት ነገር ሕመማቸውን ያውጅባቸው ኖሯል። የሚሞላውም በሁለቱ ቤት የልጅ ልጅ ነው። ድምፁን የሚተካ ነገር እስካገኝ ድረስ ካርቶንና መቀስ ይዤ እየሄድኩ አብሬያቸው እሞክራለሁ።