እናትንና ልጆችን ይዞ ፖምፔን መጎብኘት

ጥያቄ፦ በመጪው ሐምሌ ኔፕልስ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር ከጅማ እንጓዛለን። የጥንቷን የሮማውያን ከተማ የፖምፔን ፍርስራሽም ለማየት አስበናል፤ ነገር ግን እናቴን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ሲወጡ እንኳ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ መንገዱ ይከብዳቸው ይሆን?

መልስ፦ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረች ወዲህ የድንጋይ ጎዳናዎቿ ጋሪ እንደቦረቦራቸው ስለቆዩ ለከዘራ አይመቹም። ሆኖም በአምፊቲያትሩ በኩል ከገባችሁ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተስተካከለ መንገድ ታገኛላችሁ። የእኛ ክረምት እዚያ ብርቱ በጋ ነው፤ ጥላም እምብዛም ስለሌለ በማለዳ ግቡ።

ሌላ መልስ፦ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ። ይሁን እንጂ የፖምፔን ቁፋሮ ይመራ የነበረው ጣሊያናዊው አርኪዮሎጂስት ፊዮሬሊ እ.ኤ.አ. በ1863 የሟቾቹ አካል በአመዱ ውስጥ በተወው ባዶ ቦታ ጄሶ በማፍሰስ ያስጀመረው የምስል አሠራር የመጨረሻዋን ቅጽበት ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ሕፃናቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ብሆን እናቴን ወደ ሄርኩላኒየም እወስዳቸው ነበር። በዚያው እሳተ ገሞራ የጠፋች፣ ግን እጅግ አነስተኛ ከተማ ናት፤ ከሰል የሆነው የቤት እንጨት ሳይቀር ይታያል። ሁለቱም በአንድ የባቡር መስመር ላይ ይገኛሉ። ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ግን ዳገት ስለሆነ ለእናትዎ ታክሲ ይያዙላቸው።