የልጄ ቀመር 149 ይላል፣ ክብሪቱ 151

በያጁ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት አለኝ፤ የመስኮትና የበር ብረት ነው የምሠራው። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ማታ ማታ የቤት ሥራዋን አብረን እንሠራለን። ትናንት መብራት ስለጠፋ በጊዜ ዘግቼ ገባሁ። ሻማ አብርተን ቁጭ ስንል አንድ ጥያቄ ያዘን።

በክብሪት እንጨት ካሬ እየተሠራ በአንድ መስመር ይቀጠላል። ለ1 ካሬ 4 እንጨት፣ ለ2 ካሬ 7፣ ለ3 ካሬ 10 ይፈልጋል። ለ50 ካሬስ?

ልጄ እንዲህ አለችኝ። "አባዬ፣ ለየብቻቸው ቢሆኑ 200 እንጨት ነው። ግን ጎረቤታሞቹ አንድ አንድ ይጋራሉ። 50 ካሬ ሲደረደር የሚጋሩበት ቦታ 49 ነው። 200 ሲቀነስ 49፣ 151።" በጣም ደስ አለኝ። እኔም ብረት ከመቁረጤ በፊት የማስበው እንደዚሁ ነው።

ችግሩ በፊደል ጻፉ ሲባል መጣ። የካሬውን ብዛት "ካ" ብላ 4ካ − ካ − 1 ጻፈች። ያ 3ካ − 1 ነው። 50 ስናስገባበት 149 ወጣ። በ3 ካሬ ሞከርነው፣ 8 አለን። ጠረጴዛው ላይ የደረደርነው ግን 10 ነው! ሁለቱ እንጨቶች የት ገቡ? እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈለግን። ልጅቷ ሳይዋጥላት ተኛች። እባካችሁ መልሱን ብቻ አትንገሩኝ። እንዴት ላስረዳት?

የሂሳብ መምህር፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ልጅህን ሳምልኝ። አስተሳሰቧ ትክክል ነው። የጎደለው ቅንፍ ብቻ ነው።

የሚጋሩት እንጨቶች ካ − 1 ናቸው። የሚቀነሰው እሱ ሙሉው ነው፦ 4ካ − (ካ − 1)። ቅንፉ ሲፈታ 4ካ − ካ + 1፣ ማለትም 3ካ + 1 ይሆናል።

"መቀነስ በመቀነስ መደመር ነው" ብለህ አታስሸምድዳት። በክብሪቱ አሳያት። መቀነስ ያለባት 49 ነው። 50 ከቀነሰች አንድ አብዝታ ወስዳለች። ስለዚህ ያንን አንድ ትመልሳለች። እሷ ግን 50 ቀንሳ፣ በመመለስ ፈንታ ሌላ አንድ ደገመች። ሁለቱ እንጨቶች የጠፉት እዚያ ነው። ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው፤ ብዙ ልጆች ግን እንደ እሷ በ3 ካሬ አይሞክሩትም። ያ ልማድ እንዳይለቃት።

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ጋሼ፣ ሌላም መንገድ አለ። ፍርግርግ እንደሚሠራ ሰው እዩት። ከላይ ካ፣ ከታች ካ፣ የቆሙት ደግሞ ካ + 1። ድምሩ ያው 3ካ + 1 ነው። ሁለት መንገድ አንድ ቦታ ሲያደርስ ልጅ በራሱ ይተማመናል።

ቀጥሎ ደግሞ 3 ረድፍ፣ በየረድፉ 5 ካሬ ቢሆን ስንት እንጨት እንደሚፈልግ ጠይቋት።

ጂኦሜትሪውንም ሱቅዎ ውስጥ ያሳዩዋት። 90 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስኮት ፍሬም ማዕዘኑ ልክ ከሆነ፣ ከጥግ እስከ ጥግ 150 ነው። 90 በ90 8,100፣ 120 በ120 14,400፣ ድምሩ 22,500። ያ 150 በ150 ነው።

በያጁ ከኮምቦልቻ፦
እግዜር ይስጥልኝ! መምህር፣ "አንዱን መልሺ" ስላት ወዲያው ገባት። ቅንፉን ራሷ ጨመረችው።

ከትምህርት መልስ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። 90 በ120 የሆነ ፍሬም ነበረኝ፣ ገና በነጥብ ብቻ የያዝኩት። ሜትሩን ሰጠኋት። በአንዱ ሰያፍ 152፣ በሌላው 148 አገኘች። "አባዬ ተጣሟል" አለች። እኔ ሁሌ ሁለቱን ሰያፎች አስተያያለሁ፤ እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል እላለሁ። ስንት መሆን እንዳለባቸው ግን ሳልለካ ማወቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። በረጅሙ በኩል ጥጉን መታ መታ አደረግኩት። ሁለቱም 150 ሲሆኑ በየድኩት።

ባለ 3 ረድፉንም ሠርታዋለች፣ አሁንም በራሷ መንገድ። 15 ካሬ በ4፣ 60። ጎን ለጎን የሚጋሩት 12፣ ላይና ታች የሚጋሩት 10። 60 ሲቀነስ 22፣ 38 አለች። ልክ ናት?

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ልክ ናት ጋሼ። በእኔ አቆጣጠር አግድሞቹ 4 መስመር በ5፣ 20፤ የቆሙት 6 መስመር በ3፣ 18። 38።