ሁለት አማራጮች ሰዋስዋቸው ትክክል ሲሆን በምን ልለያቸው? (የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እርማት)

የሽምብጧ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ሆኜ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። በእንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገር እርማት ጥያቄዎች ላይ የግሥ ጊዜንም ሆነ የባለቤትና የግሥ ስምምነትን እለያለሁ። የምቸገረው ሁለት አማራጮች ሰዋስዋቸው ትክክል ሆኖ ሲቀሩ ነው። የመልስ ማብራሪያው አንዱን «ድግግሞሽ አለበት» ወይም «አሻሚ ነው» ብሎ ይጥለዋል። እነዚህን ተመልከቱልኝ፦

«ዘ ሪዝን ዘ ቦት ዎዝ ሌት ዎዝ ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ።»
«ዘ ቦትማን ቶልድ ዘ ጋይድ ዛት ሂዝ ቦት ዎዝ ሊኪንግ።»

ስሕተታቸው ምኑ ላይ ነው?

ከዓባይ ማዶ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው። «ሪዝን» ምክንያት ሊነገር መሆኑን ተናግሮ ሳለ «ቢኮዝ» ያንኑ ይደግማል። «ዘ ቦት ዎዝ ሌት ቢኮዝ ኦፍ ዘ ዊንድ» ይበቃል። «ሪተርን» ከ«ባክ»፣ «አኑዋል» ከ«ኤቭሪ ይር»፣ «አፕሮክሲሜትሊ» ከ«አባውት»፣ «ካን» ከ«ኤብል ቱ» ጋር ሲመጡም እንዲሁ ነው። ፈተና አውጪዎች ብዙ ጊዜ አንዱን መጀመሪያ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጉት እስከ ነጥቡ ድረስ አንብቢ። እኔ ግራ ሲገባኝ አጭሩን እመርጣለሁ።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
በመጨረሻው ምክር አልስማማም። «ጣና ኢዝ ላርጀር ዛን ኤኒ ሌክ ኢን ኢትዮጵያ» የሚለው «ኤኒ አዘር ሌክ» ካለበት ያጥራል፤ ግን ስሕተት ነው። ጣና ራሱ የኢትዮጵያ ሐይቅ ስለሆነ፣ «አዘር» ከሌለ ከራሱም ይበልጣል ማለት ይሆናል። «ሺ ሄልፕስ ሚ ሞር ዛን ሀር ብራዘር»ም አጭር ነው። ወንድሟን ከምትረዳው በላይ ነው የምትረዳኝ ወይስ ወንድሟ ከሚረዳኝ በላይ? መጨረሻው ላይ «ደዝ» ሲጨመር ሁለተኛው ትርጉም ብቻ ይቀራል። ቃል የሚቆረጠው ሲወጣ ትርጉሙ ካልተነካ ነው፤ ልጄ፣ ርዝመቱን ከትርጉሙ በፊት አትመልከቺ።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ስመጣ፣ ውኃ የሚያስገባው የማን ጀልባ ነው? «ሂዝ» ለጀልባ ነጂውም ለአስጎብኚውም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አማራጭ ስሙን መልሶ «ዘ ጋይድስ ቦት» ቢል ድግግሞሽ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው፤ እዚህ ስሙ የተደገመው በግድ ነው። «ኢት»፣ «ዜይ»፣ «ሂዝ»፣ «ዊች» ባየሽ ቁጥር ወደ ኋላ ሄደሽ የቆሙለትን ስም ፈልጊ። ሁለት ስም ካገኘሽ ተጠራጠሪው፤ ነገር ግን ሌሎቹ አማራጮች የከፋ የሰዋስው ስሕተት ካለባቸው በዚህ ብቻ አትጣዪው።

የጣና አስጎብኚ፦
በሥራዬ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝን አሻሚነት ልጨምር። ለጎብኚዎች በሚዘጋጁ ጽሑፎች ላይ «ክሮሲንግ ዘ ሌክ፣ ዘ ሞናስተሪ ሉክድ ቢዩቲፉል» ዓይነት ነገር ይገኛል። እንደ አጻጻፉ ከሆነ ሐይቁን የተሻገረው ገዳሙ ነው! በአማርኛ «ሐይቁን ስንሻገር» ስንል ተሻጋሪዎቹ እኛ መሆናችን ግሡ ውስጥ ስላለ ስሕተቱ አይታየንም። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለው መነሻ ሐረግ የሚገልጸው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ የሚመጣውን ባለቤት ነው። «ክሮሲንግ ዘ ሌክ፣ ዊ ሶ ዘ ሞናስተሪ» ሲባል ይስተካከላል።

የሽምብጧ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ይህን ይመልከቱልኝ፦ «ኦልዞው ዘ ሮድ ዎዝ ባድ፣ በት ዊ ሪችድ ጢስ ዓባይ ባይ ኑን።» እኔ «በት»ን አውጥቻለሁ።

ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፦
ልክ ነሽ። «ምንም እንኳ» እና «ነገር ግን» በአማርኛ አብረው ስለሚሄዱ ተማሪዎቻችንን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ነው። «ኦልዞው»ን አውጥተሽ «በት»ን ብትተዪም ያስኬዳል። «ቦዝ» ብሎ ጀምሮ «አዝ ዌል አዝ» የሚል አማራጭም ይመጣብሻል፤ የ«ቦዝ» ጥንድ «ኤንድ» («እና») ነው።