የኔጋቲቩ ግማሽ የት ገባ? (ግኑፕሎት ላይ ሳልስ ዘር)

መምህሩ ከማርቆስ፦
ሰላም ናችሁ? ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። ለነገ ክፍል የኤክስን ሳልስ ዘር (ኪዩብ ሩት) ግራፍ ላዘጋጅ ብዬ፣ ማታ መብራት እስኪመጣ ጠብቄ ላፕቶፔን ከፈትኩና ግኑፕሎት የሚባለው የግራፍ መሳያ ፕሮግራም ላይ ኤክስ ርቢ (1/3) ብዬ ጻፍኩ። 1 ላይ የተጋደመ ቀጥ ያለ መስመር አወጣልኝ! 1.0/3 ስለው ደግሞ ጥምዙ መጣ፣ ግን የቀኙ ብቻ። ከዜሮ በስተግራ ባዶ ነው። -2 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ -8 መሆኑን ተማሪዎቼም ያውቁታል፤ ይሄ ማሽን እንዴት አያውቅም? ጓደኛዬ በስልኩ ዴስሞስ የሚባል ሌላ የግራፍ መሳያ ላይ ያንኑ ጽፎ ሙሉውን አሳየኝና ሳቀብኝ።

የቡሬ ልጅ፦
መምህር፣ የተጋደመው መስመር ቀላል ነው። ግኑፕሎት 1/3ን የድፍን ቁጥር ማካፈል አድርጎ ስለሚያየው መልሱ 0 ነው፣ ማንኛውም ነገር ርቢ 0 ደግሞ 1። ነጥብ ሲጨምሩበት የተስተካከለው ለዚህ ነው።

የግራው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እርስዎ 1/3 ብለው ያስባሉ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ግን 1/3 የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በ0 እና በ1 የተጻፈ 0.333... ነው፣ እሱም የሆነ ቦታ ይቆረጣል፣ ተቆርጦ የሚቀረው ክፍልፋይ ደግሞ ታህቱ የ2 ርቢ 54 ነው። ታህቱ ተጋማሽ ሆነ ማለት ነው። የኔጋቲቭ ቁጥር ተጋማሽ ዘር ደግሞ ከእውን ቁጥሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ዴስሞስ ክፍልፋዩን እንደ ክፍልፋይ አይቶ ታህቱ ኢተጋማሽ መሆኑን ስለሚለይ ነው ሙሉውን የሚስለው።

ዳሞት 7፦
ኧረ ወንድምዓለም፣ ግኑፕሎት መልስ አጥቶም አይደለም። (-8) ርቢ (1.0/3)ን ፕሪንት በሉት፣ እውን ክፍሉ 1፣ ምናባዊ ክፍሉ 1.732 የሆነ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት፣ -8 ይመጣል። -8 ሦስት ሳልስ ዘሮች አሉት፣ እሱ የመረጠው ያንን ነው፤ ኮምፕሌክስ ስለሆነ ግን ግራፉ ላይ ቦታ የለውም። ፓይተን 3 የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም እንደዚሁ ያደርጋል። ነምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ተጨማሪ) ከሆነ ግን ናን፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም» ብሎ ይገላግላችኋል።

እህትዓለም ከባሕር ዳር፦
ምክንያቱን ተዉትና መፍትሔውን ስጡት እንጂ፣ ሰውየው ነገ ክፍል አለው 😀 መምህር፣ የኤክስን ፍጹማዊ ዋጋ (ኤቢኤስ) ርቢ 1.0/3 ያድርጉና በኤክስ ምልክት (ኤስጂኤን) ያባዙት። አለቀ። ግን ለ2/3 ርቢ በምልክቱ እንዳያባዙ፣ እዚያ በግራም በቀኝም ፖዘቲቭ ነው። ነምፓይ ላይ ሲቢአርቲ የሚባል ለዚሁ የተሠራ ፈንክሽን አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቅንፍ አይርሱ። ግኑፕሎት -3 ርቢ 2ን ያለ ቅንፍ ሲያገኝ -9 ይላል፣ ኤክሴል ደግሞ 9። እኔ አንዴ በዚህ ተሸውጄ፣ እንደ ጮቄ ጉብ ማለት የነበረበት ግራፍ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው መንገድ ጎድጉዶ ወጣልኝና ግማሽ ቀን ፎርሙላዬን ስፈትሽ ዋልኩ።

መምህሩ ከማርቆስ፦
ሠራ! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የ2/3ቱንም ሞከርኩት፣ መሀሉ እንደ ወፍ ምንቃር ሹል ሆኖ ወጣ። እንዲያውም ነገ መጀመሪያ ግማሹን ግራፍ አሳይቼ «የቀረው የት ሄደ?» እላቸዋለሁ። መብራት ካለ።