ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠራ የግድግዳ ኮከብ፦ ጫፎቹ ለምን ይዶለዱማሉ?

የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ በኮከብ ቅርጽ እየገጣጠምኩ ሳሎን የሚሰቀል ሥራ ጀምሬያለሁ። ዘጠኝ ኮከብ፣ ሦስት በሦስት፣ ከነክፈፉ 84 በ84 ሴንቲ ሜትር። ኮከቡ አሜሪካኖቹ «የመጋዝ ጥርስ» የሚሉት ነው፤ መሃሉ ትልቅ ካሬ፣ ዙሪያው ስምንት ሹል። አንዱ ኮከብ ከሌላው እኩል አይወጣም፣ ሹሉም ስፌት ውስጥ እየገባ ይዶለዱማል። መኪናዬ የእግር ሲንገር ናት። ደግሞስ ለመደቡ ከቅዳሜ ገበያ የሸማ ጨርቅ ብገዛ ያስኬዳል?

ልብስ ሰፊ ከአራዳ

እህቴ፣ የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው፤ የስፌት ትርፍሽ፣ ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ የሚቀረው። ቀሚስ ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትስቺ ማንም አያውቅብሽም። እዚህ ግን ስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚበላ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። በሦስት ኮከብ ወርድ ላይ ስምንት ስፌት አለ፤ 16 ሚሊ ሜትር አጠርሽ ማለት ነው።

ትርፉን 7.5 ሚሊ ሜትር አድርጊው። ጨርቁን በሚጫነው የመኪናው እግር ጠርዝ አትተማመኚ፤ እግሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። ከመርፌው ጫፍ በማስመሪያ ለክተሽ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ፕላስተር ደራርበሽ ለጥፊ፣ ጨርቁ ፕላስተሩን ታኮ ይሂድ። ከዚያ ፈትኚው፦ ስፋታቸው 4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ሰፍተሽ ተኩሺ። የመሃሉ ልክ 2.5 መውጣት አለበት። 2.4 ከሆነ ፕላስተሩን ወደ መርፌው አስጠጊ። ይህ ሳይስተካከል ሌላ ኮከብ አትጀምሪ።

ለአንድ ኮከብ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ መሃሉ 13.5 በ13.5 አንድ፤ ከኮከቡ ቀለም 7.5 በ7.5 ስምንት፤ ከመደቡ 7.5 በ13.5 አራት እና 7.5 በ7.5 አራት ቁረጪ። ተሰፍቶ ሲያልቅ 25.5 ይሆናል፣ ከሌሎቹ ጋር ሲገጠም 24። ወርዱ 110 ከሆነ ብትን ጨርቅ ለጫፎቹ 50፣ ለመሃሎቹ 30፣ ለመደቡ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃሻል። ክፈፉንም ከመደቡ ካወጣሽ 30 ጨምሪበት።

ባለ ጥለት

ወንድማችን የስፌቱን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ሹሉ ልጨምር። ከኮከቡ ቀለም የቆረጥሻትን ትንሿን ካሬ በ7.5 በ13.5 ቁራጭ ጥግ ላይ ፊት ለፊት አድርገሽ በሰያፍ ስትሰፊ፣ መስመሩ ላይ ሳይሆን የአንድ ክር ውፍረት ያህል ወደ ጥጉ ጠጋ ብለሽ ስፊ። ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ስለሚወስድ ነው። አጥፈሽ ጥጉ ላይ መድረሱን ሳታዪ ትርፉን እንዳትቆርጪ፤ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ሁለተኛዋንም በሌላው ጥግ እንዲሁ። ሁለቱ ሰያፎች የሚገናኙበት ቦታ ከጠርዙ 7.5 ሚሊ ሜትር ገባ ማለት አለበት።

ይህን ቁራጭ ከመሃሉ ካሬ ጋር ስትገጥሚ ቁራጩን ከላይ አድርጊው። ከጀርባው ስፌቶቹ ሲሻገሩ መስቀል ሠርተው ይታዩሻል፤ መርፌው መስቀለኛው ላይ ወይም ለክር ያህል ከሱ ውጭ ይለፍ። ከውስጥ በኩል ካለፈ ሹሉ ተበላ።

ካውያውን አትጎትቺ፤ አንሺና አስቀምጪ። መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ ከሆነ እርጥብ ስስ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጊበት። የላይኛውና የታችኛው ረድፍ ስፌት ወደ ጥግ ካሬዎቹ፣ የመሃሉ ረድፍ ወደ መሃል ካሬው ይተኛ። ያን ጊዜ ረድፎቹ ሲገጠሙ ስፌቶቹ በተቃራኒ ተኝተው ራሳቸው ይቆላለፋሉ፣ መጋጠሚያውም አይወፍርም።

የወለቃ እጅ ሥራ

ሸማውን ለመደብ አልመክርሽም። ሽመናው ሳሳ ስለሚል 7.5 ሚሊ ሜትር ትርፍ ላይ ክሩ ይፈታል፣ በሰያፍ ሲሰፋም ይለጠጣል። ካፈቀርሽው ሳትቆርጪ በፊት ኮሌታ ውስጥ የሚገባውንና በካውያ የሚለጠፈውን ስስ ጨርቅ ከጀርባው ለጥፊበት። የጥለቱን ጠርዝ ግን ለክፈፍ ብታውይው በጣም ያምራል። ለመደብ ጠበቅ ያለ አቡጀዴ ይሻላል፤ አጥበሽ ተኩሰሽ ቁረጪው፣ ይሰበሰባልና። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ካለሽ ለብ ባለ ውሃ ከነጭ ጨርቅ ጋር ዘፍዝፊው። ነጩ ከቀለመ ደጋግመሽ እጠቢ፤ ካልተወው አትጠቀሚበት።

በፊቱና በገበሩ መሃል ለሚገባው ስስ ብርድ ልብስ በቂ ነው። የተባዘተ ጥጥ ግን ስፌቱ ከተራራቀ አንድ ቦታ ይከማቻል። ገበሩንም መሃሉንም 95 በ95 ቁረጪ፣ ሦስቱን ደርበሽ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዢ። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር ስፊ።

የአዘዞ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ የቀረኝ ክፈፉ ነው። እንዳይሞገድ ምን ላድርግ? አሰቃቀሉስ?

ልብስ ሰፊ ከአራዳ

ክፈፉን ጠርዝ ላይ እያስኬድሽ ሰፍተሽ የተረፈውን አትቁረጪ፤ የሚሞገደው በዚህ ነው። ዘጠኙን ገጥመሽ መሃል ለመሃል ለኪ፣ 73.5 መሆን አለበት። በዚያ ልክ ሁለት ቁራጭ፣ ስፋታቸው 7.5፣ ቆርጠሽ ሁለቱ ጫፍና መሃሉ ላይ በስፒል አስረሽ ስፊ። ቀጥሎ በሌላው አቅጣጫ ለክተሽ 85.5 ሁለት ቁረጪ። መሃሉን ጥቅጥቅ አድርገሽ ሰፍተሽ ክፈፉን ባዶ ከተውሽውም ይሞገዳል፤ ክፈፉም ላይ ስፊበት።

ለጠርዙ ስፋቱ 6 የሆነ ጥብጣብ በድምሩ 370 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልግሻል። ለመስቀያው 20 በ82 የሆነ ጨርቅ ጫፎቹን አጥፈሽ፣ ለሁለት አጥፈሽ እንደ ቱቦ ከጀርባው ላይኛው ጠርዝ በእጅ ስፊው፤ 83 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይገባበታል። ግድግዳሽ ድንጋይ ወይም ጭቃ ከሆነ እንጨቱን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል አርቂው፣ በክረምት እርጥበቱ ጀርባውን ያሻግታል። በመስኮት ቀጥታ ፀሐይ የሚመታበት ቦታ ላይም አትስቀይ፤ ቀዩ ቀድሞ ይደበዝዛል።