ከካዛንቺስ ዲያኒ በቤት መኪና፦ ወረቀቱና የሊኮኒ ፌሪ

ጥያቄ፦ ሰላም ቤቶች። ሁለት ልጆች ይዘን በሞያሌ አድርገን ሞምባሳ፣ ከዚያ በፌሪ (መኪና በሚጭን ጀልባ) ወደ ዲያኒ ባሕር ዳርቻ ልንሻገር ነው። ምን እንያዝ? ፌሪው ላይስ?

መልስ፦ ቢጫ ካርድ ሁለት ነው፣ እንዳይምታታባችሁ። አንዱ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) የመኪና መድን ነው፤ ሦስተኛ ወገን የገባችሁበት ኢንሹራንስ ጠይቁ። ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ነው፤ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻ ሰዓት አታቆዩት። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና ያዙ።

መልስ፦ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ ከከባድ መኪና ኋላ ሆናችሁ ፊት አይታያችሁም። ጋቢና ያለው ሰው አይቶ ይንገራችሁ፤ በግምት መቅደም የለም።

መልስ፦ ሊኮኒ መሻገሪያው አጭር ነው፤ ረጅሙ ሰልፉ ነው። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሽሹ። እግረኛ በነፃ ያልፋል፣ መኪና ይከፍላል። ከተጫናችሁ በኋላ ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማንዋል ከሆነ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ አድርጉ። ቀበቶ ፈታ፣ መስኮት ዝቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ ባሕር ገብቷል። ከፈራችሁ ፌሪ በሌለው በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ዙሩ፤ ልጆቹ ግን ያኮርፋሉ።